የቱ ይሳል፣ የቱ ይቅር?

— የኮሚክሽን ረቂቅ ደጋግሜ አገላበጥኩት። እጅሽ ጎበዝ ነው፤ በእሱ ላይ ክርክር የለኝም። ያልተዋጠልኝ ጥድፊያው ነው። ልጁ መጀመሪያ ገጽ ላይ መርካቶ ሊስትሮ ሲሠራ እናየዋለን፤ አራተኛው ገጽ ላይ አውቶቡስ ተሳፍሯል፤ ስምንተኛው ላይ እናቱ ደጅ ቆሟል። አራት ዓመት የት ገባ?

— አለ እንጂ፣ ጋሼ። የሊስትሮ ሳጥኑን ልብ ብለው ይዩት። መጀመሪያው ፍሬም ላይ አዲስ ነው፣ ጣውላው ገና አልጠቆረም። ቀጥሎ ባለው ፍሬም ያው ሳጥን ቀለም ጠጥቶ ጠቁሯል፤ አንዱ ጥግ ተሰንጥቆ በሚስማር ተጠግኗል፤ የልጁም ሱሪ ቁርጭምጭሚቱን ለቆ ወጥቷል። በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ጣት የማታስገባ ነጭ ክፍተት አለች። አራቱ ዓመት እዚያ ውስጥ ነው። ስኮት ማክላውድ የሚባለው አሜሪካዊ የኮሚክ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው መጽሐፍ የዚህ ጥበብ ልቡ ያለው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ይላል። ሠዓሊው ሁለት ቅጽበት ያሳያል፤ የቀረውን አንባቢው በልቡናው ይቀጥለዋል።

— አንባቢው ማን ሆነና? ኮሚክ እያነበበ ያደገ የአሜሪካ ልጅ ዓይኑ ተገርቷል። ቡታጅራና ወልቂጤ ያለውን ልጅ ከሥዕል ወደ ሥዕል መሻገርን ማን አስተማረው?

— ያስተማረውማ ሞልቷል። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በሸራ ላይ የሚስሉት የእኛው ሠዓልያን አይደሉም እንዴ? ብዙውን ጊዜ 44 ክፍል ያደርጉታል፤ ረድፍ በረድፍ፣ በየክፍሉ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አለው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ በጣቱ እየተከተለ ከዘንዶው ጀምሮ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ ይወርዳል።

— መልካም፤ ሸራውን አንቺ ስላነሣሽው ደስ ብሎኛል። 44 ክፍል! እኩል እኩል፣ አንዱ ሌላውን ሳይገፋ። ዘንዶው ይነግሣል፣ ዘንዶው ይገደላል፣ ነጋዴው የሰሎሞንን ወሬ ያመጣል፣ ንግሥቲቱ ለመንገድ ትነሣለች። ሠዓሊው ማንንም አያጣድፍም። አንቺ ብትስይው በ9 ክፍል ትጨርሽው ነበር።

— እኩል የሆነው የክፍሎቹ ስፋት ነው እንጂ ጊዜያቸው አይደለም። እንደገና ይዩት። ከአክሱም ኢየሩሳሌም ያ ሁሉ ባሕርና በረሃ ጥቂት ክፍል ይይዛል። የግብዣው ሌሊት ሲደርስ ግን ምግቡ ሲሠራ፣ ማዕዱ ሲቀርብ፣ ንግሥቲቱ ስትጠማ፣ ውሃውን ስትጠጣ፣ ንጉሡ ሲይዛት እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝረዋል። ወራቱን በጥቂት ክፍል አሳልፎ ለአንዲት ጥም ያን ያህል ቦታ የሰጠ ሰው ቁጠባ ምን እንደሆነ ያውቃል። የት እንደሚነፍግ፣ የት እንደሚለግስ ያውቃል።

— እንግዲያ የእኔንም ነገር ከአፌ ወሰድሽው። የሚለግስበትን ያውቃል አልሽ። አንቺ ለማን ለገስሽ? እናቱ ከአራት ዓመት በኋላ ልጇን ስታይ የሰጠሻት አንድ ፍሬም ነው።

— ሙሉ ገጽ የያዘ ፍሬም ነው እኮ!

— ትልቅ ሥዕል ረጅም ጊዜ አይሆንም። ዓይን አንድ ጊዜ ይውጠውና ገጹን ይገልጣል። ባዋስሽኝ መጽሐፍ ውስጥ የኮሚክ ሠዓሊውን የክሪግስታይንን ሥራ ልብ ብዬ ያየሁት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 «ማስተር ሬስ» የተባለውን ታሪክ ሲሰጡት የተመደበለት 6 ገጽ ነበር። እሱ 12 ጠየቀ፤ በ8 ተስማሙ። ታሪኩ በናዚ ማጎሪያ አዛዥ የነበረ ሰው አሜሪካ ውስጥ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ከማጎሪያው ከተረፈ ሰው ጋር ዓይን ለዓይን የሚገጣጠምበት ነው። ክሪግስታይን ገጽ ሲያጥረው ታሪኩን አልቆረጠም፤ ፍሬሞቹን እንደ ጭራሮ አቀጠናቸው። ሰውየው ባቡሩ ሥር ሲወድቅ ያችን ቅጽበት ከፋፍሎ ከፋፍሎ ነው ያሳየው። ባቡሩ ሲያልፍ በመስኮቱ የሚታየው የተሳፋሪ ፊት አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ይደገማል። አንድ እስትንፋስ የማይሞላ ነገር ነው፤ እኔ ግን እዚያ ገጽ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ጊዜ የሚረዝመው በስፋት ሳይሆን በቁጥር ነው።

— እርስዎ ቢስሉት የእናትየውን ገጽ እንዴት ያደርጉታል?

— ልጁ ለመስቀል፣ የጎመን ክትፎ ማታ ነው አይደል የሚደርሰው? እንግዲያ ፊቷን አታሳዪኝ። ቢላዋውን አሳዪኝ። መክተፊያው ላይ ቢላዋው ይወርዳል፤ ጎመኑ ይደቅቃል፤ ቢላዋው ይነሣል፤ ይወርዳል፤ ይነሣል፤ ከዚያ አየር ላይ ይቀራል። ስድስት ቀጫጭን ፍሬም። የምታውቂውን የክትፎ ምት ጆሮዬ ውስጥ ካስገባሽ በኋላ ነው ዝም የምታሰኝው። ምቱ ሳይኖር መቆሙ ምን ትርጉም አለው?

— ይኼን ተቀብያለሁ። እውነት ነው። ግን ጋሼ፣ ወረቀት አለ። በመሃሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ የሚጨምረው በአራት በአራት ነው። 16 ነኝ ካልኩ 17 የለም፤ ወይ 20 ነው። በ20 ደግሞ ዋጋው ከአንባቢው ልጅ ኪስ በላይ ይሆናል። ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ እ.ኤ.አ. በ1962 ስፓይደርማንን ሲፈጥሩ ልጁ በሸረሪት ከመነከሱ አንሥቶ አጎቱ እስኪገደል፣ ገዳዩም እስኪያዝ በ11 ገጽ ጨርሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2000 ብራያን ማይክል ቤንዲስ እና ማርክ ባግሊ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ሲነግሩት 7 እትም ወሰደባቸው። ቤንዲስ መዝናናት የቻለው በየወሩ የሚመጣ እትም ስላለው ነው። እዚህ አንደኛው ቁጥር ወጥቶ ሁለተኛው መቼ እንደሚደርስ ማንም ዋስ አይሆንም። የእኔ አንባቢ ገንዘቡን ከሰጠ ያለቀ ታሪክ ይዞ ቤቱ መግባት አለበት።

— የገንዘቡን ነገር አልክድም። ግን ከሁለቱ የአጎትየው ሞት የሚያመው የትኛው ላይ ነው? በ11 ገጹ አጎትየው የሚሞት ሰው ብቻ ነው፤ ለመሞት የገባ። በረጅሙ ግን ይቆጣል፣ ይመክራል፣ ልጁ ያኮርፈዋል። ስንለምደው ነው የተነጠቅነው። ሰውን መልመድ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ በኮሚክም ሆነ በኑሮ።

— የሚያመው ረጅሙ ላይ ሊሆን ይችላል። ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያወራው ግን አጭሩን ነው። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው፤ አንድ ልጅ ሰምቶ ለሌላ ልጅ በአንድ ትንፋሽ መንገር ይችላል። ለመነገር የሚመች ታሪክ ዕድሜው ይረዝማል።

— መነገርን ካነሣሽ የራሳችንን ሰው ላንሣልሽ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃኛ ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 ታትሟል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1968 «አፈርሳታ»ን በእንግሊዝኛ አወጣ። የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠላል፤ ያቃጠለውን ለማውጣት አገሩ ይሰበሰባል፣ ይበተናል፣ ደግሞ ይሰበሰባል። አንቺ ብትሆኚ አንዱን ስብሰባ ትስይና ሌላውን ነጭ ክፍተት ውስጥ ትከቺዋለሽ። መጽሐፉ እዚያው ሞተ! ነገሩ ያለው መደጋገሙ ላይ ነው። ሰው በትዕግሥት ተቀምጦ እውነትን መጠበቁ ነው ታሪኩ።

— መደጋገምን በሥዕል ማሳየት ግን ከጽሑፍ ይቀላል። ያው ዛፍ፣ ያው መስክ፣ ሦስት ፍሬም በአንድ ረድፍ። በመጀመሪያው ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል፣ ጥላው አጭር ነው። በሁለተኛው ሰው ሳስቷል፣ ጥላው ረዝሟል። በሦስተኛው አንዱ ሽማግሌ በከዘራው ላይ አገጩን አስደግፎ አንቀላፍቷል። ዛፉ ስላልተንቀሳቀሰ ዓይን የተንቀሳቀሰውን ወዲያው ይለያል። ሦስት ስብሰባ በሲሶ ገጽ።

— መሰብሰባቸውን አየሁ። መድከማቸውን ግን አልደከምኩትም። ሽማግሌው አንቀላፋ፤ እኔ ግን ሦስት ሰከንድ ነው የፈጀብኝ። አንባቢው ራሱ ካልተቀመጠ መቀመጥን አያውቀውም።

— አንባቢዬን እንዳደክመው ነው የሚፈልጉት?

— አንዳንዴ፣ አዎ። እንዳይሰለች እንጂ እንዲጠብቅ እፈልጋለሁ። ሌላው ደግሞ ቃል ነው። ይኼን ሁሉ ገጽ ስትስይ ንግግር የጠላሽ ይመስላል።

— አልጠላሁም። ቡታጅራ ገበያ ቆመው ቢያዳምጡ መስቃንኛው፣ ስልጢኛው፣ ክስታኒኛው ነው የሚሰማዎት። ወልቂጤ ሲሄዱ ቸሃኛና እዣኛ ነው። ትንሽ የሚናገር መጽሐፍ በሁሉም ቤት ይገባል። ደግሞም ሥዕሉ ያለውን ቃል ከደገመው አንዱ ትርፍ ነው። ልጁ ሲሮጥ እየሳልኩ «ልጁ ሮጠ» ብዬ ከሥሩ አልጽፍም።

— እሱን አትጻፊ። ነገር ግን አማርኛ ራሱ የሚሰጥሽ ምት አለ፤ እሱን ለምን ትጥይዋለሽ? ማሰሪያ አንቀጻችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጎረቤቲቱ እየሮጠች ትመጣለች። ሰባተኛው ገጽ ቀኝ እጅ ላይ ነው የሚውለው አይደል? ከታች ጥግ ላይ «ልጅሽን አሁን አስፋልቱ ዳር…» ብለሽ ታቆሚያለሽ። ቢላዋው አየር ላይ የቀረው እዚያ ነው። አየሁት ትላለች? ወድቆ አገኘሁት ትላለች? ገጭተውት ሄዱ ትላለች? እናትየው አታውቅም፤ አንባቢውም አያውቅም። ገጹ ሲገለጥ ብቻ ነው «…አየሁት!» የሚመጣው። ግሡን አስቀድሞ በሚናገር ቋንቋ ይኼ አይሆንልሽም። በእኛ ቋንቋ ግን አንባቢው ገጹን እስኪገልጥ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል።

— ጋሼ፣ ይኼማ የእኔን መንገድ ነው የሚያጠናክረው። አምስት ቃል ብቻ ነው የተጠቀሙት!

— አምስት ቃል ነው፤ ግን ያለ እነሱ ቢላዋው ለምን እንደቆመ አይታወቅም። ማሳጠርን አልጠላሁብሽም። የጠላሁት አንባቢው ያውቀዋል እያልሽ የምትተዪውን ነው።

— ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ግራንት ሞሪሰንና ፍራንክ ኳይትሊ እ.ኤ.አ. በ2005 የሱፐርማንን አመጣጥ በአንድ ገጽ፣ በ4 ፍሬም፣ በ8 ቃላት ነው የነገሩት። ፕላኔቱ ሲጠፋ፣ ወላጆቹ ሲጨነቁ፣ ሕፃኑ ሲላክ፣ ያሳደጉት ባልና ሚስት ሲያገኙት። ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

— አላስፈለገማ! እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ዓለም ሁሉ ሲሰማው የኖረውን ነው ያሳጠሩት። ሰባ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው ታሪክ ተከምሮላቸው ከላዩ ቆነጠሩ። የአንቺን ልጅ ማን ያውቀዋል?

— ልጁን አያውቁትም፤ መምጣቱን ግን ያውቁታል። ጉራጌ አገር ለመስቀል የሚመጣን ሰው የማያውቅ ማን አለ? ቤቱ ተጠርጎ፣ በቅቤ ዕቁብ የተጠራቀመው ቅቤ ተነጥሮ፣ ጣባው ታጥቦ፣ ሰው መንገድ መንገድ ሲያይ። ጣባውን ብቻ ብስል የቀረው ሁሉ ከአንባቢው ቤት ይመጣል። የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን ይውሰዱ፤ ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ነው። ሥራ ፍለጋ ምን እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ይኼ የእኛ ሀብት ነው፤ ለሌላው በአምስት ገጽ የሚብራራውን ለራሳችን በአንድ ዕቃ እንናገራለን።

— ለራሳችን ስትዪ ቡታጅራ ውስጥ ስንት ዓይነት «ራሳችን» እንዳለ ረሳሽው? ሙስሊሙ ልጅ ቤተ ዘመዱ ከየአገሩ የሚሰበሰብለት በአረፋ ነው። ጎመን ክትፎ የሚበላበት ማታ ምን ማለት እንደሆነ በጎረቤት ያውቀው ይሆናል፤ በሆዱ ግን አይጠብቀውም። ጣባ ሳልሽለትና ክፍተቱን ሙላው አልሽው። በምን ይሙላው?

— በአረፋው ይሙላው። መናፈቅ አንድ ነው። እንዲያውም ያቺን ሮጣ የምትመጣ ጎረቤት ሙስሊም አደርጋታለሁ። በአረፋ የራሷን ልጆች ስትጠብቅ መንገድ ዳር የቆመች ሴት ናት፤ ለዚህ ነው የሰው ልጅ ከሩቅ በአረማመዱ የለየችው።

— ጥሩ አሰብሽ። ግን እሱንም አንባቢው ካላወቀ ሻሽ የጠመጠመች ሴት ብቻ ናት። አምስተኛው ገጽሽ ላይ ራስሽ የሳልሽውን ተመልከቺ። አውቶቡሱ ጢያ ላይ ሲደርስ በመስኮቱ ድንጋዮቹን አሳይተሻል። 36 ናቸው፤ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ታውቋል። ድንጋዩ ላይ ያለውን አይተሽዋል፤ ሰይፍ፣ ሌላ ሰይፍ፣ ከሥሩ ምልክት። ከዚያ የበለጠ ቁጠባ የት ታገኛለሽ? የአንድን ሰው ዕድሜ በጥቂት መስመር ጨርሶታል። ቀራጩ ልክ እንደ አንቺ ነበር ያሰበው፤ የቀረውን አንባቢዬ ያውቀዋል ብሎ። አንባቢው አለቀ። ዛሬ አንዱ የገደለው ሰው ቁጥር ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ምልክቶቹን አንብቦ የሚጨርሳቸው አልተገኘም።

— …ይኼ ከባድ ነው።

— ከባድ ስለሆነ ነው ያመጣሁት። በአንባቢው ዕውቀት ላይ የቆመ ማሳጠር አንባቢው እስካለ ድረስ ነው የሚቆመው። የዛሬ 50 ዓመት ጣባን ፕላስቲክ ቢተካው፣ ሊስትሮ የሚባል ሥራ ቢቀር፣ ያንቺ 16 ገጽ ሰይፍ ብቻ ይሆናል።

— ግን ጋሼ፣ ቀራጩ ሁሉን ነገር ቢጽፍበትስ? ስሙን፣ አባቱን፣ ጦርነቱን ቢዘረዝር ጽሑፉም ቋንቋው ሲሞት ይሞት ነበር። የማይነበብ ረጅም ጽሑፍ በዓለም ላይ ሞልቷል። ሰይፉ ግን ዛሬም ሰይፍ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳያውቅ አንገቱን ዘወር ያደርጋል፤ እዚህ ትልቅ ሰው ተቀብሯል ይላል። ዝርዝሩ ጠፋ፤ ክብደቱ አልጠፋም። እኔ የምፈልገው የመጨረሻው የሚቀረው ነገር ትክክለኛው ነገር እንዲሆን ነው።

— ለሟቹ ዘመድ ብትነግሪው ክብደቱ ይበቃኛል የሚል አይመስለኝም። ስሙን ነበር የሚፈልገው።

— ይሁን። ወደ ገጹ ልመለስ። ለቢላዋውና ለእናትየው ሁለት ገጽ መስጠት አለብኝ፤ አሳምነውኛል። 20 ገጽ አልችልም። ስለዚህ መርካቶ ከሦስቱ ገጽ ሁለቱን ይልቀቅ። እንዲያውም ሦስቱንም ላውጣውና ታሪኩ አውቶቡሱ ላይ ይጀምር፤ የተረፈውን አንድ ገጽ ለመለያየታቸው አደርገዋለሁ።

— መርካቶን? ልጁ ምን ሠርቶ እንደመጣ በምን ይታወቃል?

— በእጁ። ማዕዱ ቀርቦ እጁን ሲታጠብ ውሃው ጠቁሮ ይወርዳል፤ ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም ግን አይለቅም። ቆጮውን ሲቆርስ እናቱ ጣቶቹን ታያለች። አንድ ፍሬም፤ ንግግር የለም። አራቱ ዓመት እዚያ አለ።

— እናቱ ታነበዋለች። አንባቢው ግን ጋራዥ የሠራ ነው ሊል ይችላል፤ ከሰል ሲሸጥ የኖረ ሊል ይችላል።

— ይበል። የሥራ ጥቁረት መሆኑን ካወቀ ይበቃኛል።

— ለእኔ አይበቃኝም። ሊስትሮ ሰው እግር ሥር ተቀምጦ ነው የሚውለው። ዓለምን ያያት ከታች ወደ ላይ ነው። ያ ልጅ መጀመሪያው ገጽ ላይ አንገቱን ቀልብሶ ሽቅብ ሲያይ ካላየሁት፣ በኋላ እናቱ ፊት ቆሞ ዓይን ለዓይን ሲያያት ምን እንደተለወጠ በምን አውቃለሁ? አራት ዓመቱን ነጭ ክፍተት ውስጥ ክተቺው፤ ያንን አንገት ግን አትቁረጪብኝ።

— እንግዲያ አንዲት ፍሬም ትመለስ። አንዲት ብቻ፤ ከልጁ ዓይን ሆና። የሰው ጫማ፣ የሱሪ ጫፍ፣ ከዚያ በላይ ሰማይ።

— የሰውየው ፊትስ?

— አይታይም። ማንም ሊሆን ይችላል።

— እሱ ላይ አልስማማም። በአራት ዓመት ውስጥ ሳጥኑ ላይ እግሩን ያሳረፈ ሰው ሁሉ ፊት ነበረው። አንዱ ስሙን ጠይቆታል፤ አንዱ «ማታ ትምህርት ቤት ግባ» ብሎታል፤ አንዱ ሒሳቡን ሳይከፍለው ሄዷል። ልጁ እነሱን አንድ በአንድ ነው የሚያስታውሳቸው። አንቺ ሁለት ገጽ ለማትረፍ ብለሽ ሁሉንም አንድ ጫማ አደረግሻቸው።